ከጎረቤትህ ማን አለ?

ገዳሪፍ፣ ጥር 14 ቀን 1985 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ሀዲያ፣ ጎንደር

አሰላሙ ዐለይኩም። እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ የፈትሉ፣ የድውሩ ገበያዎስ እንዴት ነው? እኔ ከእርስዎና ከእናቴ ናፍቆት በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

አራት ወር ዝም ያልኩት ረስቻችሁ አይደለም። ድንበሩ ላይ ፋሽጋ በሚባለው አገር ሰሊጥ አጨዳ ላይ ነበርኩ። «አስተማሪነቱን ጥሎ የሄደው ማጭድ ሊይዝ ነው?» ብለው እንደሚቆጡ አውቃለሁ። ግን ስለ ጉልበት ሠራተኞች መጽሐፍ እጽፋለሁ ብዬ ከአገር የወጣሁ ሰው፣ ማጭድ ሳልይዝ ምን ብዬ እጽፋለሁ? ሃያ ሁለት ሆነን በአንድ ሸራ ሥር አደርን። መዳፌ ቆስሎ ድኖ እንደገና ቆሰለ። ያልሰማሁት ታሪክ የለም። ከጎኔ ያጭድ የነበረ ቱርካ የሚባል የቋራ ሰው አለ፤ እሱ ብቻውን ሦስት መጽሐፍ ይወጣዋል።

ችግሩ፣ አንዲት መስመር አልጻፍኩም። ማታ ደብተር ሳወጣ መጀመሪያ ይስቁብኝ ነበር። ስለ እነሱ እንደምጽፍ ሲያውቁ ግን ወሬያቸው ተለወጠ። ግማሹ ዝም አለ፤ ግማሹ ለወረቀት እንዲመች እያሳመረ ማውራት ጀመረ። ስለዚህ ደብተሩን ከጓዜ ሥር ቀብሬ ዝም ብዬ አጨድኩ። አሁን ገዳሪፍ ገብቼ ከማሽላ መጋዘኖቹ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። በሬን ዘግቼ፣ የሰማሁት ሳይጠፋብኝ ልጽፈው ነው።

አንድ ነገር ልለምንዎ። የምኖርበትን ለማንም አይንገሩ። እዚህ አማርኛ የሚጽፍ ሰው ከተገኘ ወረፋ ነው። አንዱ ሾዋክ ላለው የስደተኞች ቢሮ ማመልከቻ፣ ሌላው ለሚስቱ ደብዳቤ ሊያስጽፍ ይመጣል። ደብዳቤዎን ምግብ ቤት ላለው ለአገራችን ሰው ለአቶ መንግስቱ ይላኩልኝ፤ እየሄድኩ እወስዳለሁ። የእናቴን ጉልበት ይሳሙልኝ።

የእህትዎ ልጅ ሙዘይን

---

ጎንደር፣ የካቲት 20 ቀን 1985 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለሙዘይን

ሰላም ላንተ ይሁን። አላህ ከክፉ ሰው ዓይን ይሰውርህ፤ ከደጉ ሰው ዓይን ግን ራስህን ሰውረሃልና ወደዚያ የምትመለሰው አንተው ነህ።

ደብዳቤህን ለእናትህ ሁለት ጊዜ አነበብኩላት። መጀመሪያ «እጁ ቆስሏል አለ?» አለች። ሌላው ሁሉ አልታያትም። ቀጥላ «ያ ቱርካ የሚሉት ሰውዬ እናት አለችው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔ ምን አውቄ! ወረቀቱን አጥፌ ሳስቀምጥ ደግሞ «በሩን ዘግቶ ሲታመም ማን ያየዋል?» አለች። 

እኔን ፊደል ያስቆጠረኝ መሠረተ ትምህርት ነው፤ ያውም በሠላሳ ስምንት ዓመቴ። ስለ መጽሐፍ ላስተምርህ አልችልም። ስለ ፈትል ግን አውቃለሁ። ብቻዋን የምትፈትል ሴት ክሯ ይቀጥናል፣ እኩል ይሆናል፤ አልክድህም። ከሰው ጋር እየተጫወተች የምትፈትል ክሯ ይጓጉላል። ግን ጥጡ ያለቀባት ዕለት ብቸኛዋም ብትሆን ነጠላዋን አጣፍታ ገበያ ትወጣለች። አንተ የአራት ወር ጥጥ ይዘህ ገብተሃል፤ ሲያልቅብህ እንዳታፍር።

ደግሞ ጥሩ እየጻፍኩ ነው ብለህ እንዳትኮራብን፤ ለብቻው የሚሮጥ የሚቀድመው የለም። እናትህ ትንሽ ያስላታል። ብርድ ነው ትላለች።

አክስትህ ሀዲያ

---

ገዳሪፍ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 1985 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ሀዲያ

ካለሁበት ሐሩር እስከ እርስዎ ነፋሻ ደጅ ሰላምታዬ ይድረስ። የእናቴ ሳል እንዴት ሆነ? ማር በሎሚ ትጠጣ፤ እርስዎ እንደሚያውቁ ባውቅም ከመናገር አላርፍም።

ስድስት ምዕራፍ ጨረስኩ! ከሱብሂ ሶላት እስከ ቀትር እጽፋለሁ፤ ቀትር ላይ ቆርቆሮው ሲግል ወለሉ ላይ እተኛለሁ። ከሰው ጋር ሳልነጋገር አምስት ስድስት ቀን ይሄዳል። አንዳንዴ ድምፄ እንዳለ ለማየት የጻፍኩትን ጮክ ብዬ አነባለሁ።

ግን አንድ ነገር ያስጨንቀኛል። በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት ሰዎች ሁሉ እንደ እኔ ማውራት ጀምረዋል። የፋሽጋው ቀልድ፣ ስድቡ፣ ያ ሁሉ ሳቅ ከእጄ እየሾለከ ነው። ልውጣና ልስማ እላለሁ፤ ከወጣሁ ደግሞ የያዝኩት ይበተናል ብዬ እፈራለሁ። ከበሩ አጠገብ ቆሜ እመለሳለሁ።

ለሌላ ሰው የማልነግረውን ልንገርዎ። ቱርካ ጠይቆ ጠያይቆ አገኘኝ። ለሚስቱ ደብዳቤ ጻፍልኝ ሊል ነው የመጣው። ከበሩ ጀርባ ሆኜ «አሞኛል» አልኩት። «ሎሚ ላምጣልህ?» አለኝ። አልከፈትኩለትም። ሄደ። ያን ዕለት ስለ ቱርካ አሥር ገጽ ጻፍኩ፤ ከጻፍኩት ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። በነጋታው ግን አፈርኩና ቤት ቀየርኩ። አሁን ያለሁበት ከከተማው ጫፍ ነው፤ ማንም አያውቀኝም።

ሙዘይን

---

ጎንደር፣ ግንቦት 6 ቀን 1985 ዓ.ም.

ሙዘይን ልጄ

ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፤ አትቀየመኝ። የሎሪው ሾፌር አደም ሞተር አስነሥቶ እየጠበቀኝ ነው።

እናትህ ብርድ አይደለም። እግሯ አብጧል፣ ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራታል። ሐኪም ቤት ወስጃት ነበር፤ «ልቧ ደክሟል» አሉኝ። መድኃኒት ሰጥተዋታል፤ ግን ፊታቸውን አላመንኩትም። ና። ክረምቱ ሳይገባ፣ ዋልካው መኪና ሳይውጥ ና።

እሷ እንዳልጽፍልህ ከልክላኛለች። «ጽሕፈቱ ካላለቀለት አትጥሪው» ትለኛለች። ትናንት ግን «መንገዱ በክረምት ይዘጋል አይደል?» አለች። እኔ ይህን ከሰማሁ ወዲያ እንቅልፍ የለኝም። የቆጡን አወርድ ብለህ የብብትህን እንዳትጥል።

ሀዲያ

---

ገዳሪፍ፣ ግንቦት 29 ቀን 1985 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ

አላህ እናቴን ያሽርልኝ፣ እርስዎንም ያበርታልኝ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከሃያ ቀን በኋላ ነው፤ ወደ መንግስቱ ቤት አዘውትሬ ስለማልሄድ ጥፋቱ የኔ ነው። 

እመጣለሁ። የቀረኝ ሁለት ምዕራፍ ነው። ሰኔ 15 ቀን እነሣለሁ። አሁን ብነሣ መጽሐፉ መሐሉ ተከፍቶ ይቀራል፤ ተመልሼ እንደማልዘጋው ራሴን አውቀዋለሁ። እናቴ ራሷ «ካላለቀለት አትጥሪው» ብላለች አይደል? ይህን ቃሏን እንደ ፈቃድ መያዜ ያሳፍረኛል፤ ግን ይዤዋለሁ። ሐኪሙ በትክክል ምን አለ? ትበላለች? ቀና ብላ ትቀመጣለች? ለእያንዳንዱ መልስ ይስጡኝ።

ሙዘይን

---

ጎንደር፣ ሐምሌ 2 ቀን 1985 ዓ.ም.

ለአቶ መንግስቱ፣ ገዳሪፍ

እንደምን አሉ? በአካል ሳንተዋወቅ ላስቸግርዎ ነው። እህቴ ባሕሪያ ሰኔ 21 ቀን ሰኞ ማለዳ አርፋለች። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ልጇ ሙዘይን አልሰማም። ሰኔ 15 እመጣለሁ ብሎ ነበር፤ አልመጣም።

ይህን በደብዳቤ ልነግረው አልችልም። ብቻውን የሚኖር ልጅ ነው። ወረቀት ገልጦ መርዶ ሲያነብ፣ ሲወድቅ የሚደግፈው፣ ውኃ የሚረጨው፣ «አይዞህ» የሚለው ሰው የለም። እባክዎ የአገሩን ሰው ሰብስበው፣ ማለዳ ሳይበላ ሳይጠጣ ደጁ ደርሰው እንደ ደንቡ ይንገሩት። ከዚህ ጋር ለራሱ የጻፍኩት ሌላ ወረቀት አለ፤ እሱ ውስጥ ምንም የለበትም። ሊጠይቅዎ ከመጣ ያንን ይስጡት።

አደም ጭቃውን በትራክተር እየተጎተትኩም ቢሆን አልፋለሁ፣ የክረምቱ የመጨረሻ መኪና የኔ ናት ብሏል። ሌላ መላክ አልችልም። አደራ።

ሀዲያ

---

ገዳሪፍ፣ መስከረም 18 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ሀዲያ

እንኳን ክረምቱን በሰላም ወጡ። እናቴስ እንዴት ከረመች? የእግሯ እብጠት ጎደለ? መንግስቱ በሐምሌ ከሰጠኝ አጭር ሰላምታዎ በቀር ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቃል ሳልሰማ ከረምኩ፤ ሌሊት እየነቃሁ ስሟን እጠራለሁ።

ሰኔ 15 አልመጣሁም። ሰበብ አልደረድርም፤ የመጨረሻው ምዕራፍ አላለቀም ነበር። ሰኔ 28 ዕቃዬን ይዤ መኪና መናኸሪያ ሄድኩ። ሎሪዎቹ በድንበሩ መንገድ፣ ከዶካ ወዲህ ጭቃ ውስጥ ተተክለዋል አሉኝ። ሁለት ቀን ጠብቄ ተመለስኩ።

መንግስቱንም ተቀይሜዋለሁ። ሐምሌ ውስጥ ቤቱ ስገባ «የት ነው የምትኖረው? እንጠይቅህ እንጂ!» እያለ ያዘኝ። አልናገርም ብል ሰው አስከትሎ ቤቴን አወቀ። ሳምንት ሳይሞላ ማለዳ ማለዳ በሬ ይመታ ጀመር። ብዙ ሰዎች ናቸው፤ «ሙዘይን! ሙዘይን!» ይላሉ፣ ደግሞ ዝም ይላሉ። ሦስት ማለዳ መጡ። ማመልከቻ ፈላጊ መሆናቸው ገብቶኝ ፋኖሴን አጥፍቼ፣ እስኪሄዱ ትንፋሼን ይዤ ተቀመጥኩ። አንዲት ሴት ስታለቅስም የሰማሁ መሰለኝ፤ የባሰ ጉዳይ ይዛ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ መንግስቱ ዘንድ አልሄድኩም። ይህንንም ደብዳቤ በአደም እጅ ነው የምልከው፤ መልስዎንም በእጁ ይላኩልኝ።

መጽሐፉ አልቋል። ደስ አላለኝም። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ሙዘይን

---

ጎንደር፣ ጥቅምት 5 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለሙዘይን ልጄ

አላህ ያበርታህ። ጽናቱን ይስጥህ።

ሁላችንም ደህና ነን። ገበያውም ደህና ነው፤ ዘንድሮ ጥጡ ጥሩ ነው።

አሁን የምጠይቅህን ሳትቆጣ መልስልኝ። ከጎረቤትህ ማን አለ? በግራህ ማን ይኖራል? በቀኝህስ? ስማቸው ማን ይባላል? አንድ ትልቅ ሰው ስሙን ጽፈህ ላክልኝ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል፤ እኔ እዚህ ሆኜ ለምንም አልረባህም። ለምን እንደምጠይቅህ አትጠይቀኝ።

እባክህ ሙዘይን፣ አንድ ስም ብቻ።

ሀዲያ

---

ገዳሪፍ፣ ኅዳር 3 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ

አደም ደብዳቤዎን ሲሰጠኝ ቀና ብሎ አላየኝም። ወትሮ የሚቀልድ ሰው ነው። ወዲያው ወደ መንግስቱ ቤት ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ቤቱ ሞልቷል።  ስገባ ፉል የሚበሉት ሰዎች እጃቸውን ከሳህኑ አንሥተው፣ አንድ በአንድ፣ ብድግ አሉልኝ። እኔ ሽማግሌ አይደለሁም፣ ሹም አይደለሁም።  መንግስቱ ትከሻዬን ይዞ «ነገ ማለዳ ቤትህ ሁን፤ በሩንም ክፈትልን» ሲለኝ እጁን አስለቅቄ ወጣሁ።

ቤቴ ገብቼ ደብዳቤዎችዎን ዘረጋኋቸው። በየካቲቱ ደብዳቤ እናቴ አራት ጊዜ ተናግራለች። በግንቦቱ ሁለት ጊዜ። በሐምሌው ሰላምታና በጥቅምቱ አንድም ቃል የላትም። «ሁላችንም ደህና ነን» ብለዋል፤ ከሁላችሁ ውስጥ እሷ ትኑርበት አትኑርበት አልጻፉም። እኔ የሰው ንግግር እየለቀምኩ የምኖር ሰው ነኝ አክስቴ፤ የእናቴ ድምፅ ሲጠፋ አልሰማሁም።

መርዶውን ለእኔ አይጻፉልኝ። ያሉትን አድርጌያለሁ። በግራዬ ያለውን በር አንኳኳሁ። ራሒማ ትባላለች፤ ባሏ ሉጥፊ ነው። እሷ በሕፃንነቷ ከመተማ መጥታ እዚሁ ያደገች ናት። «ዋላሂ ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ ሰባት ወር ሙሉ ጂን ነው የተከራየው እንባባል ነበር» ብላ ሳቀች። ኋላ ፊቴን አየችና ሳቋን ተወች። የሚበላ አቀረበችልኝ። እሷ አማርኛ ማንበብ አትችልም፤ ሉጥፊ ግን እየቆጠረ ያነባል። ለሁለቱ ይጻፉላቸው። መንግስቱንም ይቅርታ ጠይቄ፣ ደብዳቤዎ ለጎረቤቶቼ እስኪደርስ እንዲታገሠኝና ያን ጊዜ ከእነሱ ጋር እንዲመጣ ለምኜዋለሁ።

በመጡ ጊዜ እከፍታለሁ።

ሙዘይን

---

ጎንደር፣ ኅዳር 19 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ራሒማና ለአቶ ሉጥፊ

አላህ ጉርብትናችሁን ይባርክላችሁ። ሳታውቁኝ እህትና ወንድም አድርጌ እጽፍላችኋለሁ።

የሙዘይን እናት ባሕሪያ ሰኔ 21 ቀን ሞታለች። አላህ ይርሐማት። ከሱብሂ በኋላ፣ እህል ውኃ ሳይቀምስ፣ አቶ መንግስቱንና የአገር ሰዎችን ይዛችሁ ግቡና ንገሩት። ያውቃል። ቢያውቅም ንገሩት፤ ሰው ካልነገረው ማልቀስ አይችልም። ሲነሣ ያዙት፣ ራሱን ከግድግዳ ጋር ያጋጫል፤ አባቱ የሞተ ጊዜ ገና ሰባት ዓመቱ ነበር፣ ያኔም እንዲያ ነው ያደረገው። ሦስት ቀን ብቻውን አይደር። ደብተር ካነሣ ተዉት፤ በሩን ከዘጋ ግን አትተዉት።

ሀዲያ

---

ገዳሪፍ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ሀዲያ

አላህ እርስዎን ያጽናልኝ። እህትዎን ቀብረው፣ ስድስት ወር ለእኔ ሲሉ አፍዎን ዘግተው የኖሩት እርስዎ ነዎት።

መጡ። ለባብሼ፣ በሩን ከፍቼ ተቀምጬ ነበር የጠበቅኋቸው። ስለማውቀው እንደምችለው አስቤ ነበር። ራሒማ «እናትህ ባሕሪያ…» ስትል ግን ብድግ ብዬ ወደ ግድግዳው ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ማን እንደያዘኝ አላውቅም። ጠዋቱ ሲያልቅ ቤቱም ግቢውም ሰው ሞልቶታል። ስማቸውን የማላውቃቸው ሴቶች እናቴን በስሟ እየጠሩ አለቀሱላት። ቱርካ ፋሽጋ ሆኖ ሰምቶ፣ አጨዳውን ጥሎ መጥቶ ሦስት ሌሊት ከጎኔ ተኛ። ይቅር በለኝ ስለው «ለምኑ?» አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ ረስቶታል።

አንድ ነገር ግን ለእርስዎ ብቻ ልናዘዝ። ራሒማ ስትናገር በግራ እጇ የቀኝ እጇን አውራ ጣት ጨብጣ ነበር። አየሁት። እያለቀስኩ አየሁት፤ ልብ አልኩት፤ በቃላት ደረደርኩት። በዚያች ሰዓት እንኳ አንድ ዓይኔ ዳር ቆሞ ይመለከት ነበር። ከዚህ የባሰ ብቸኝነት አላውቅም። ይህን ዓይን በሩን በመክፈት የምገላገለው መስሎኝ ነበር፤ አይደለም፣ አብሮኝ ይኖራል። ብቻ ከእንግዲህ በእሱ ሰበብ ሰው ደጅ ላይ አላቆምም።

ስለ መጽሐፉ ጠይቀውኝ አያውቁም፤ እኔ ግን ልንገርዎ። እንደገና አነበብኩት። ስለ ቱርካ ካሉት ገጾች በቀር ሁሉም ሰው እንደ እኔ ያወራል። እንደ አዲስ እጽፈዋለሁ፤ አሁን አይደለም።

ይህን ደብዳቤ ቀድሞ በሚነሣ ሌላ ሎሪ ልኬዋለሁ፤ እኔ የሚቀጥለው ሐሙስ ከአደም ጋር እነሣለሁ፤ መንገዱ ደርቋል፣ ቅዳሜ ማታ እደርሳለሁ። እናቴን ባለቅስላት የሚሰማ ሰው ሁሉ ለቅሶውን ጨርሶ እንደተበተነ አውቃለሁ። ሆኖም ለእሑድ ማለዳ ሰው ይጥሩልኝ አክስቴ። ጎረቤቱንም፣ የገበያውንም፣ የሚያውቀኝንም የማያውቀኝንም ይጥሩልኝ። ብቻዬን አልችለውም።

የእህትዎ ልጅ ሙዘይን